የሐጅ ቦርሳችን ምን ይያዝ?



አንዲት እናት የስኳር መድኃኒታቸው መካ ሻንጣ ውስጥ ቀርቶ ሚና ላይ ሁለት ቀን ያለ መድኃኒት መቆየታቸውን ነግረውኛል። አላህ ጠበቃቸው፤ ሰበቡን ማድረስ ግን የእኛ ድርሻ ነው።

የሐጅ ማረፊያ አንድ ዓይነት አይደለም። ሚና ድንኳን ውስጥ ይታደራል፤ ዓረፋ ቀኑ በጠራራ ፀሐይ ያልፋል፤ ሙዝደሊፋ ሌሊቱ ሜዳ ላይ ነው። ትልቁ ሻንጣ መካ ስለሚቀር ወሳኙ ትንሹ የትከሻ ቦርሳ ነው።

ለሚና፦ የዘወትር መድኃኒት ለሁሉም ቀናት የሚበቃ፣ ከነማሸጊያውና ከሐኪም ማዘዣው ጋር ይያዝ። ኢንሱሊን ከአውሮፕላን ጭነት ጋር አይላክ። በጨርቅ ተጠቅልሎ በቀዝቃዛ መያዣ ይቀመጥ፤ በረዶ አይንካው፤ አንዴ በረዶ ከሆነ አይሠራም።

ለዓረፋ፦ ውኃ፣ ጃንጥላና ኦ.አር.ኤስ. ያስፈልጋል። ዱቄቱ ማሸጊያው ላይ በተጻፈው የውኃ መጠን ብቻ ይበጥበጥ። በ1445 ሂጅራ (2024 እ.ኤ.አ.) ሐጅ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ አልፎ 1,301 ሰዎች መሞታቸውን የሳዑዲ መንግሥት አስታውቋል፤ አብዛኞቹ ያለ መጠለያ በፀሐይ ረጅም መንገድ የተጓዙ ነበሩ።

ለሙዝደሊፋ፦ ቀላል ምንጣፍ፣ የእጅ ባትሪና ምቹ ነጠላ ጫማ። ስኳር ያለበት ሰው በባዶ እግሩ አይሂድ።

በኢሕራም ሽቶ ክልክል ስለሆነ ሳሙናውና ቫዝሊኑ ሽታ የሌለው ይሁን። የማጅራት ገትር ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት ይወሰድ።

ሐጅ የሚሄዱ ወላጆች ያሉን ልጆች ቦርሳቸውን አብረን እንፈትሽ። አላህ ሐጃቸውን መብሩር ያድርግላቸው።