የሞተር ሙቀትና የሞተር ትኩሳት

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ያንን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያጓራ ደጀን የደረሰ መኪና ኮፈኑ ሲከፈት ፊት የሚለበልብ ወላፈን ይወጣል። የጋለ ዘይት ይሸታል፤ መቀዝቀዝ የጀመረው ብረት ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። እዚያ የቆመ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሁሉ ጎማ፣ ሽቦና ፕላስቲክ በዚህ ምድጃ ውስጥ እንዴት ይተርፋል?

አብዛኛው ይተርፋል፤ የተሠራውም ለዚሁ ነው። የሚተርፈው ግን ከዕድሜው እየከፈለ ነው። የተለመደው የኮፈን ሥር ሙቀት ዕቃውን ቀስ እያለ ያስረጀዋል። በአንድ ከሰዓት ሞተር የሚገድለው ትኩሳት ሌላ ነው። ብዙ ባለመኪና ሁለቱን ባለመለየቱ ገንዘቡን ያለ ቦታው ያወጣል።

ከነዳጁ ጉልበት ወደ ሥራ የሚለወጠው ሲሶ ገደማ ብቻ ነው። ሌላው ሲሶ በጭስ ማውጫው ይወጣል፣ የቀረው ወደ ራዲያተሩ ውሃና ወደ ዙሪያው አየር ይገባል። ዳገት ላይ፣ ጭሱን ከሞተሩ የሚቀበለው ቱቦ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊግል ይችላል። ከእሱ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ደግሞ የሽቦ እስርና የፕላስቲክ ገንዳ ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ያለው አየር መኪናው ሲሄድ ከ60 እስከ 90 ዲግሪ ቢደርስ የሚገርም አይደለም። ኤሌክትሮኒክሱም ቢሆን፣ ሞተር አጠገብ እንዲቀመጥ የታሰበው ብዙውን ጊዜ እስከ 125 ዲግሪ እንዲችል ሆኖ ነው የሚሠራው። በጭስ ቱቦውና በእነዚህ ዕቃዎች መካከል የሚቆመው ያ ስስ ቆርቆሮ ነው። ብሎኑ ላልቶ ሲንኳኳ ተነቅሎ የሚጣለው ቆርቆሮ ማለቴ ነው። እባካችሁ አስመልሱት፤ ሥራው ያንን ወላፈን መከለል ነው።

ሁሉም በተፈቀደለት ልክ ውስጥ ከሆነ እርጅናው ከየት ይመጣል? የስዊድኑ ኬሚስት ስቫንቴ አሬኒየስ በ1889 እ.ኤ.አ. ሙቀት ሲጨምር ኬሚካዊ ለውጥ እንዴት እንደሚፈጥን በቀመር አሳይቶ ነበር። መሐንዲሶች ከዚያ በመነሳት የሚይዙት ግምት አለ፤ 10 ዲግሪ በተጨመረ ቁጥር የለውጡ ፍጥነት እጥፍ ገደማ ይሆናል። አየሩ 22 ዲግሪ በሆነበት አዲስ አበባና 42 በሆነበት ሰመራ ሁለት አንድ ዓይነት መኪኖች ቢነዱ፣ የሰመራው ባትሪና የሽቦ ልባስ አራት እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ያረጃል ማለት ነው። ግምቱ ሻካራ ነው፤ ቢሆንም ዱባይ ወይም ሪያድ የሚኖር ወገናችን ባትሪው ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚሞትበት ያስረዳዋል። ሙቀቱ የባትሪውን ውሃ ያተንነዋል፣ ውስጡ ያሉትን የእርሳስ ሰሌዳዎችም ይበላቸዋል።

ይህን እርጅና በጣት መዳሰስ ይቻላል። ሃያ ዓመት የሞላው መኪና ላይ የአንዱን ሴንሰር ሶኬት ለመንቀል ምላሱን በአውራ ጣት ጫን ስትሉት፣ መተጣጠፉ ቀርቶ እንደ ድርቆሽ ቀጭ ብሎ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ፕላስቲኩ አልቀለጠም። ለዓመታት ትኩስ አየር ውስጥ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ኖሮ ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶቹ ተበጣጥሰው ነው። የራዲያተሩ አናት ላይ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ ወደ ቡናማ ሲያደላም የሚሆነው ይኸው ነው። ማኒኮቶው፣ ማለትም ውሃውን ከሞተር ወደ ራዲያተር የሚያመላልሰው የጎማ ቱቦ፣ ወይ ይደርቅና ሲጨምቁት ይንቋቋል፣ ወይ ዘይት ነክቶት ያብጥና ይልፈሰፈሳል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ያሉን መኪኖች ለረጅም ጊዜ ሊያገለግሉን ስለሚገባ፣ ይህ እርጅና የእያንዳንዱ ቤት ጉዳይ ሆኗል።

ኮፈኑ ሥር ያለው አየር ይበልጥ የሚግለው መኪናው ሲሮጥ ሳይሆን ከቆመ በኋላ መሆኑ ብዙ ሰው ያስገርማል። ቁልፉ ሲጠፋ የውሃው ፓምፕ ይቆማል፣ ነፋሱም ይቆማል፤ የጋለው ብረት ግን ሙቀቱን ማቀበሉን አይተውም። ስለዚህ ከጠፋ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ሙቀቱ ገና ይወጣል። አንዳንዱ መኪና ቆሞም ፋኑ የሚዞረው ለዚህ ነው፤ ጉድለት አይደለም። ቱርቦ ያለው መኪና ዳገት ጨርሶ ወዲያው ሲጠፋ፣ ቱርቦው ውስጥ የቆመው ዘይት ተቃጥሎ ወደ ከሰልነት ይለወጣል። ሞተሩን ሳያጠፉ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆሞ እንዲሠራ መተው ከዚህ ያድነዋል።

አሁን ወደ ትኩሳቱ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች፣ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ደጋ ላይ ባቄላ የቀቀለ ሰው የሚያውቀው ነው። የጤነኛ ሞተር ውሃ ደግሞ በ90 እና በ100 ዲግሪ መካከል ይሠራል። የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን ስላለ ነው። ክዳኑ ውስጥ ያለችው ሞላ ውሃውን አምቃ፣ ብዙ መኪና ላይ ወደ 0.9 ባር የሚሆን ተጨማሪ ግፊት ትይዛለች፤ በዚህም የመፍያው ነጥብ አዲስ አበባ ላይ ወደ 115 ዲግሪ ከፍ ይላል። የደከመ ክዳን ያለው መኪና ግን ገና በጤናው ሙቀት ይፈላል። ውሃው እንፋሎት ሲሆን ከብረቱ ሙቀት መቀበል ያቅተዋል፣ የአልሙኒየሙ ቴስታ፣ ማለትም የሞተሩ ራስ፣ ይጣመማል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮንም ይቃጠላል። ጥቂት ብር የሚገዛው ክዳን ሙሉ ሞተር ያስፈታል። ደጋው ላይ አየሩ ራሱ ስለሳሳ ራዲያተሩን የማቀዝቀዝ አቅሙ ያንሳል፤ በቀስታ በሚኬድበት ዳገት ደግሞ ያለው ተስፋ ፋኑ ብቻ ነው።

የሚያሳዝነኝ መድኃኒት ተብሎ የሚደረገው ነገር ነው። «ሞቀ» ሲባል ቴርሞስታቱን ነቅሎ መጣል አለ። ቴርሞስታት በ85 ዲግሪ አካባቢ ሰም ቀልጦ የሚከፍተው በር ነው። እሱ ከሌለ ሞተሩ በደጋው ብርድ ሳይሞቅ ይሠራል፣ ነዳጅ ያባክናል፣ ዘይቱ ውስጥ ነዳጅና እርጥበት ይጠራቀማል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል፤ ሙቀቱን ያመጣው የታፈነ ራዲያተር ከሆነ ግን እንደታፈነ ነው። ኩላንት ትቶ የቧንቧ ውሃ መሙላትም እንዲሁ ነው። ኩላንቱ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ከማድረጉም በላይ ብረቱ እንዳይዝግ ይጠብቃል። የቧንቧ ውሃ ጀበና ውስጥ የምናየውን ነጭ ቅርፊት በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ይተዋል።

ቀስቱን ብቻ ማመንም አይበቃም። ብዙ መኪና ላይ የሙቀት ቀስቱ በሰፊ ክልል ውስጥ መሃል ላይ እንዲቆም ተደርጎ ነው የተሠራው፤ መሃሉን ለቆ ሲወጣ ችግሩ ቀደም ብሎ ጀምሯል። ያኔ ኤሲውን አጥፍቶ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው መክፈት ተጨማሪ ትንሽ ራዲያተር እንደማግኘት ነው፤ ከዚያ ዳር ይዞ ማቆም። ክዳኑን ወዲያው መክፈት ግን አደጋ ነው። ውስጡ ያለው የ105 ዲግሪ ውሃ ግፊቱ ሲለቀቅ በዚያችው ቅጽበት ይፈላና ፊት ላይ ይፈነዳል። ማኒኮቶውን በባዶ እጅ ይዞ መጭመቅ እስኪቻል ድረስ ክዳኑ አይነካም።