ሴት የጤና ሠራተኞችና የጡት ነቀርሳ ምርመራ

በጤና ጣቢያ ደጃፍ ተራ ለሚጠባበቁ እናቶች ስለ ጡት ነቀርሳ የምታስተምር ነርስ ትምህርቱን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ሕመም የሌለው እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ፣ በብብት ሥር የሚዳሰስ ዕጢ የበሽታው ምልክቶች መሆናቸውን ታስረዳለች። ይሁን እንጂ «አንቺስ መቼ ተመረመርሽ?» ተብለው ቢጠየቁ መልስ የሚያጥራቸው ነርሶች ጥቂቶች አይደሉም።

በልዩ ልዩ አገሮች፣ በኢትዮጵያም ጭምር፣ በሴት የጤና ሠራተኞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው የገለጹት ይህንኑ ነው፤ ስለ በሽታው የሚያውቁት ብዙዎች ሲሆኑ፣ በየጊዜው የሚመረመሩት ግን ከእነዚያ በእጅጉ ያንሳሉ። ምክንያቱ አለማወቅ አይደለም። አንዷ «ምንም አላመመኝም» ትላለች፤ ሌላዋ የሥራ ብዛት ታነሣለች፤ እብጠት ቢገኝብኝስ ብላ የምትፈራም አለች። ከሁሉ የሚከብደው ግን እፍረት ሳይሆን አይቀርም፤ ነርሷ የምትመረመረው ዘወትር አብረዋት በሚውሉ ባልደረቦቿ እጅ ነውና።

የጡት ነቀርሳ በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚደርሱት የነቀርሳ ዓይነቶች ሁሉ የበዛው ነው። ብዙዎቹ ሕሙማን ወደ ሐኪም የሚቀርቡትም በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ማሞግራፊ የተባለው የጡት ራጅ ከትላልቅ ከተሞች ውጭ እምብዛም ስለማይገኝ፣ በገጠር ያለው መሣሪያ የሠለጠነ እጅ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

የዚህ እጅ ጥቅም በሕንድ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1998 በሙምባይ ከተማ የድሆች መንደሮች በተጀመረው ጥናት 151,538 ሴቶች ተካተቱ። ሐኪም ያልሆኑ፣ ነገር ግን ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ ሴቶች የግማሽ ያህሉን ጡት በየሁለት ዓመቱ በእጃቸው እየዳሰሱ አራት ጊዜ መረመሩ። ከ20 ዓመት ክትትል በኋላ፣ ዕድሜያቸው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው ሴቶች ዘንድ በጡት ነቀርሳ የሚደርሰው ሞት ምርመራውን ካላገኙት ጋር ሲነጻጸር በ30 ከመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። በዕድሜ ከእነርሱ በሚያንሱት ግን ይህን የመሰለ ቅናሽ አልታየም።

«ራሴን በራሴ እዳስሳለሁ፤ ይበቃኛል» የምትል የጤና ሠራተኛም አለች። ይህ የጡትን ለውጥ ቶሎ ለማወቅ ይረዳል እንጂ ምርመራን አይተካም። በቻይና፣ በሻንጋይ ከተማ፣ ከ260,000 በላይ በሆኑ የፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የተደረገው ጥናት ራስን መዳሰስን መማር ብቻውን ሞትን እንዳልቀነሰ አሳይቷል።

እፍረቱን ለማቃለል ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ሁለት ጎረቤት ጤና ጣቢያዎች ሠራተኞቻቸውን ተለዋውጠው ቢመረምሩ፣ ነርሷ በማታውቃት ባለሙያ እጅ ትመረመራለች። ለዚህም የሚያስፈልገው አንድ አልጋ፣ አንድ መጋረጃና ጥቂት ደቂቃ ነው።