በካሬ የሚሸጥ ቤት፣ አየሩ በምን ይለካል?

በአዲስ አበባ የቤት ገበያ ሻጭና ደላላ የሚከራከሩት በካሬ፣ በፎቅና በአስፋልት ቅርበት ነው። የወጥ ቤቱ መስኮት ወዴት እንደሚከፈት የሚጠይቅ ገዥ ጥቂት ነው። ይሁንና የቤቱን ወርኃዊ ወጪም ሆነ የነዋሪውን ጤና ከሚወስኑት አንዱ ይኸው መስኮት ነው።

በቀዝቃዛ አገሮች ኃይል ቆጣቢ የሚባለው ቤት ክፍተቱ የተደፈነ፣ ብዙ ጊዜም አየሩ በማሽን የሚቀያየር ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ግን አብዛኛው ቤት ማሞቂያም ማቀዝቀዣም የለውም። ነፋስ ያለ ክፍያ የሚሠራውን ሥራ መከልከል ቁጠባ ሳይሆን ኪሳራ ነው።

የሕንፃ ባለሙያዎች የተለመደ ስሌት አላቸው። በአንድ ጎን ብቻ መስኮት ያለው ክፍል በደንብ የሚተነፍሰው ጥልቀቱ ከጣሪያው ከፍታ ከ2.5 እጥፍ ካልበለጠ ነው። መስኮቶቹ ትይዩ ሲሆኑ እስከ 5 እጥፍ ይደርሳል። ጣሪያው 2.6 ሜትር ቢሆን፣ ልዩነቱ የ6.5 እና የ13 ሜትር ነው።

በ1990ዎቹ ማብቂያ በተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ንድፍ እንጀራ መጋገሪያና እርድ ማከናወኛ የሚሆን የጋራ ሕንፃ ተካትቶ ነበር። ጭሱ ከመኖሪያው እንዲወጣ ማለት ነው። ነገር ግን የቡናው ከሰል ከቤት አልወጣም። ብዙ ባለቤቶችም ጥቂት ካሬ ለማትረፍ በረንዳውን በመስታወት ዘግተዋል። በረንዳው ለወጥ ቤቱ መተንፈሻ ከነበረ፣ ክፍል ተገኘ፣ አየር ጠፋ።

ከሰል ጭሱ ስለማይታይ ብዙዎች አይፈሩትም። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። ለብርድ ብሎ ፍም አስገብቶ በር ዘግቶ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ በ2020 (እ.ኤ.አ.) በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል።

ነገሩን የሚያከብደው ሒሳቡ ነው። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ታሪፍ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደርጎ ተግባራዊ መሆን ጀምሯል። የመብራት ሒሳብ የከበደው ቤተሰብ ወደ ከሰል ቢመለስ፣ ያተረፈውን ብር በሳንባው ይከፍላል። ቤቱ የተዘጋ ከሆነ ደግሞ ክፍያው ይበረታል።

ለአስገንቢው መፍትሔው ውድ አይደለም። በፕላን ጊዜ ከጣሪያው ሥር የሚተው ክፍተት የጥቂት ብሎኬት ጉዳይ ነው፤ ቤቱ ካለቀ በኋላ ግን መቆፈር፣ መለሰንና ከጎረቤት ጋር መነጋገር አለ።

ገዥም ቀብድ ከመቁጠሩ በፊት ትይዩ መስኮቶችን ከፍቶ መጋረጃው መንቀሳቀሱን ይይ። የወጥ ቤቱና የመጸዳጃው መስኮት ወደ ውጭ መከፈቱን ያረጋግጥ። በረንዳው ተዘግቶ ከሆነም ከላይ የሚከፈት ነገር መተዉን ይጠይቅ። ከሌለ፣ ማስከፈቻው ስንት እንደሚፈጅ አስልቶ ከዋጋው ላይ ይደራደር።