«እሺ» ያለ ሁሉ ይመጣልን?

ጠሪ አክባሪ ነው ይባላል። ይህን የማያውቅ የለም። ነገር ግን የጠሩትን ሰው እንደ ገና «ይመጣሉን?» ብሎ መጠየቅ አክብሮት ነው ወይስ ድፍረት? ብዙ ወጣቶች በዚህ ነገር ሲቸገሩ ይታያሉ።

ቀድሞ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችው በአንኮበር ግብር በሚበላበት ጊዜ ሰው በየማዕረጉ ተራውን እየጠበቀ ይገባ ነበር። ጥቂቶች ቢቀሩ የሚተካቸው አይታጣም። በደመወዝ የሚተዳደር ወጣት ግን የንጉሥ ጎተራ ስለሌለው እንግዳውን መቁጠር ግድ ይሆንበታል።

እንበል፣ ትምህርቱን ጨርሶ በደብረ ብርሃን ሥራ የያዘ አንድ ወጣት ለምርቃቱ 30 ሰዎች ጠራ። ሁሉም «እሺ፣ እንመጣለን» አሉት። እናቱም የአገሩ ብርድ ጥንስሱን እንደሚያዘገይ ያውቃሉና ጠላውን አስቀድመው ጠነሰሱ። አንድ ዶሮ 12 ብልት ስለሚወጣው ሦስት ዶሮ ታርዶ 36 ብልት ተሠራ። በቀኑ የመጡት እንግዶች 11 ብቻ ሆኑ። ወጣቱም ተናዶ፣ ከአንኮበር ይመጣሉ ብሎ ለጠበቃቸው ለአባቱ ወዳጅ በማግስቱ «እሺ ብለው ለምን ቀሩ?» የሚል መልእክት በስልክ ላከ። ሽማግሌው ለካ ያን ዕለት የወንድማቸውን ልጅ ሲቀብሩ ውለዋል። የተረፈው ወጥ ለጎረቤት ይሰጣል፤ ከአፍ የወጣው ቃል ግን በምን ይመለሳል?

የወጣቱ ጥፋት መጠየቁ አይደለም፤ ጊዜውና አነጋገሩ ነው። በአገራችን «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ስለሚባል፣ ተጠሪው ብዙ ጊዜ እሺ የሚለው ጠሪውን ላለማሳፈር ነው እንጂ መምጣቱን ቆርጦ አይደለም። ስለዚህ ከድግሱ ሦስት ወይም አራት ቀን አስቀድሞ አንድ ጊዜ ማስታወስ ይገባል። ለእኩያ ስልክ መደወል ይበቃል፤ ለታላቅ ሰው ግን ራስ መሄድ፣ ባይቻል የሚያከብሩትን ሰው መላክ ይሻላል። አነጋገሩም «ይመጣሉ ወይስ ይቀራሉ?» መሆን የለበትም። «እሑድን እንዳይረሱን ብዬ ነው፤ የማይመችዎ ቢሆን ግን አይጨነቁ» ቢሉት፣ እንግዳው ሳያፍር እውነቱን ይናገራል። ከአንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ለሚመጣ ሰው ደግሞ «ማደሪያ ላዘጋጅልዎ?» ማለት መስተንግዶም ጥያቄም ነው።

ተጠሪም በበኩሉ ግዴታ አለበት። በጥሪ ወረቀት ግርጌ «አር. ኤስ. ቪ. ፒ.» ተብሎ የሚጻፈው ምልክት ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ሲሆን፣ ትርጉሙ «እባክዎ መልስ ይስጡ» ማለት ነው። ምልክቱ ባይጻፍም ልማዱ መልካም ነው። ዱቄቱ ሳይቦካ «አልችልም» ያለ ሰው ባለቤቱን ከወጪ ያድናል፤ በድግሱ ቀን የሚነገር ምክንያት ግን እውነት እንኳ ቢሆን ለእናት ድካም አይደርስም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አንዱ ቢቀርስ? በማግስቱ የሚቀድመው ጥያቄ «ለምን ቀሩ?» ሳይሆን «ደኅና ነዎት ወይ?» ይሁን። የቀረው ሰው ምክንያት ካለው ራሱ ይነግረናል፤ ከሌለውም ይህ ቃል ከወቀሳ ይልቅ ያሳፍረዋል።