አዲስ መድኃኒት እንዴት ይፈለጋል?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ አዲስ መድኃኒት ፍለጋ ነው።

በተፍኪና በአካባቢው ያላችሁ ገበሬዎች ታውቁታላችሁ፤ ክረምት ላይ አዋሽ ሲሞላ ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል። ረግረጉ ውስጥ ቀንድ አውጣ ይራባል። የጉበት ትል መጀመሪያ በቀንድ አውጣው ውስጥ ያድጋል፤ ኋላ ከሣሩ ጋር ወደ ከብቱ ሆድ ይገባል።

ትሉም ሆነ የወባ ተውሳክ በመድኃኒት ይሞታል። ታዲያ አዲስ መድኃኒት ለምን አስፈለገ? ከሞት የተረፉት ጥቂቶች ሲራቡ መድኃኒቱን የሚችል ዘር ስለሚተካ ነው። በአገራችን ክሎሮኪን ብርቱውን ወባ ማዳን ስላቃተው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 በፋንሲዳር ተተካ። እሱም አልዘለቀም፤ በ2004 ኮአርተም መጣ።

አንዱ የፍለጋ መንገድ ዕፅዋት ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያም እንዶድ የብልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ።

ሌላው መንገድ በላቦራቶሪ ንጥረ ነገሮችን አዋህዶ አዲስ ውሁድ መሥራት ነው። ለዚህ ሙቀት ያስፈልጋል። ወጥ ስንሠራ መጀመሪያ የሚግለው ድስቱ ነው፤ በማይክሮዌቭ ግን ሞገዱ ዕቃውን አልፎ ፈሳሹን ራሱን ያሞቃል። በ1986 የካናዳና የአሜሪካ ኬሚስቶች፣ ሰዓታት ይፈጅ የነበረ ውህደት በዚህ ምድጃ በደቂቃዎች እንደሚያልቅ አሳዩ። ዛሬ ሙቀቱንና ግፊቱን የሚቆጣጠር ልዩ መሣሪያ አለ። የማዕድ ቤቱ ግን ሊፈነዳ ስለሚችል ለዚህ ሥራ አይሆንም።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የፈጠነው ማብሰሉ እንጂ ፈተናው አይደለም። ውሁዱ በብልቃጥ ውስጥ ባክቴሪያ ወይም የቁንጭር ተውሳክ ቢገድልም ገና መድኃኒት አልሆነም። ለሰው መርዝ አለመሆኑ በእንስሳት፣ ኋላም በሰው ላይ መፈተን አለበት። ይህ ዓመታት ይወስዳል። ከብዙ ውሁዶች የሚያልፉት ጥቂቶች ናቸው።

ስለዚህ በእጃችን ያለውን እንጠብቅ። ሐኪም ያዘዘላችሁን ኪኒን ሻል ሲላችሁ አታቋርጡ፤ ለጎረቤትም አታካፍሉ። ለከብቱም የእንስሳት ሐኪም በክብደቱ ልክ ይዘዝለት፤ ሲያንስ ትሉን ማለማመድ ነው።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። ያልሰማ ጎረቤት ካለ አሰሙት። ደህና ሁኑ።