ዛድ፣ ዋትስአፕና የሚስጥር ቁጥራችን

ሰሞኑን በክፍል ውስጥም ሆነ ከክፍል ውጪ ደጋግመን የተጠየቅነው ጥያቄ አንድ ነው። «ስልኬ እጄ ላይ እያለ ገንዘቤ እንዴት ይወሰዳል?» የሚል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን ስልካችን ውስጥ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ ማወቅን ስለሚጠይቅ፣ በዚህ እትም ጉዳዩን ከሥሩ ለማስረዳት ሞክረናል። መምህራን ለክፍል ውይይት፣ ተማሪዎችም እቤት ላሉት ለማስረዳት እንደሚጠቀሙበት ተስፋ እናደርጋለን።

ሐርጌሳና የስልክ ገንዘብ

ሐርጌሳ የኖረ ሰው ያውቀዋል። የጫት ነጋዴዋም፣ በጋሪ ውኃ የሚያመላልሰውም፣ የመንገድ ዳር ሻይ ሻጯም የሚቀበሉት በስልክ ነው። የቴሌሶም ኩባንያ ዛድ የተባለውን አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሆን፣ ይህም ኤምፔሳ በኬንያ ከተጀመረ ከ2 ዓመት በኋላ ነው። በኢትዮጵያ ቴሌብር የመጣው በ2021 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት ከአገር የወጣ ብዙ ሰው የስልክ ገንዘብን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው እዚሁ ሐርጌሳ ነው ማለት ይቻላል።

ለምን እዚህ ይህን ያህል ተስፋፋ? አንደኛው ምክንያት የወረቀት ገንዘቡ ነው። የሶማሊላንድ ሽልንግ ከ1994 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ቢሆንም ዋጋው ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ጥቂት ዶላር የመነዘረ ሰው የሚሸከመው እሽግ እሽግ ወረቀት ነው። ገንዘብ መንዛሪዎቹ መንገድ ዳር የሽልንግ ክምር እንደ ጡብ ደርድረው ሲቀመጡ ያላየ የለም። ዛድ ግን የጀመረው በዶላር ነው፤ ከደንበኛ ወደ ደንበኛ ሲላክም ክፍያ አልተጠየቀበትም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ የሞባይል ኩባንያዎች ማኅበር ጥናት እንዳመለከተው፣ የዛድ ተጠቃሚ በወር በአማካይ ከ30 ጊዜ በላይ ይጠቀም ነበር። በሌላው ዓለም በጊዜው የነበረው አማካይ 9 እንኳ አይሞላም። ማለትም እዚህ የስልክ ገንዘብ እንደ ኪስ ቦርሳ በየቀኑ የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር ሆኗል። ቴሌሶም ብቻ አይደለም፤ የሶምቴልና የዳሃብሺል የሆነው ኢ-ዳሃብም አለ። ቁጥሩ በ063 ከጀመረ የቴሌሶም፣ በ065 ከጀመረ የሶምቴል መሆኑን ልጆቻችን እንኳ ለይተው ያውቁታል።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናንሳ። የዳሃብሺል መሥራች ሐዋላ ሥራውን የጀመሩት በቡርኦ በ1970 ነው። በ1988 ሐርጌሳና ቡርኦ በጦርነት ሲፈርሱ እሳቸውም እንደ ብዙው ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ፤ ከውጭ የሚላከውን ገንዘብም ለስደተኛው ማድረሱን ከዚያው ቀጠሉ። በጅጅጋ አቅራቢያ የነበረው የሐርተሼክ ካምፕ በአንድ ወቅት ከዓለም ትላልቅ የስደተኛ ካምፖች አንዱ ነበር፤ የተዘጋው በ2004 ነው። የዛሬዎቹ የሐርጌሳ ጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ ዘመድ የላከውን ገንዘብ መጠበቅ ምን እንደሆነ የሚያውቁት ከዚያ ነው።

ገንዘቡ የት ነው ያለው?

ብዙ ሰው ገንዘቡ ቀፎው ውስጥ ያለ ይመስለዋል። የለም። ቀፎው ቢሰበር፣ ውኃ ቢገባበት፣ ገንዘባችን አይነካም። ገንዘቡ ያለው በኩባንያው መዝገብ ላይ ነው፤ በስልክ ቁጥራችን አንጻር «ይህን ያህል ዶላር አለው» ተብሎ ተጽፏል ማለት ነው። በኮከብ ጀምሮ በመሰላል ምልክት የሚያልቀውን ኮድ ስንደውል ለዚያ መዝገብ ትእዛዝ እየላክን ነው። ይህ የሚሠራው በስልክ መረቡ እንጂ በኢንተርኔት አይደለም። ለዚህም ነው ኢንተርኔት በሌለው፣ ቁልፍ ባለው ተራ ስልክ ጭምር የሚሠራው።

ታዲያ መዝገቡ ትእዛዙን የላኩት እኛ መሆናችንን በምን ያውቃል? በሁለት ነገር ብቻ። አንደኛው ሲም ካርዱ ነው፤ ሁለተኛው የሚስጥር ቁጥሩ። ፊታችንን አያይም፣ ድምፃችንን አይሰማም፣ ስማችንንም አይጠይቅም። ሲሙን የያዘና ቁጥሩን ያወቀ ሁሉ ለመዝገቡ «እኛ» ነው። የጥያቄያችን መልስ በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

ሲሙ በማን ስም ነው?

ይህን ብዙ ሰው ችላ ይለዋል፤ በእኛ ግምት ግን ለስደተኛ ከሁሉ የከበደው ይኸኛው ነው። እንበል አንድ ሰው ሐርጌሳ ሲገባ መታወቂያ ስላልነበረው የሚያውቀው ሰው በራሱ ስም ሲም አወጣለት። ውለታ ነው፤ ክፋት የለውም። ከ3 ዓመት በኋላ ሲሙ ጠፋ፤ ወይም ሁለቱ ተጣሉ። ኩባንያው ምትክ ሲም የሚሰጠው ለማን ነው? በመዝገብ ላይ ስሙ ላለው ሰው ነው። ከካናዳ የተላከ የትምህርት ቤት ክፍያ በላዩ ላይ ቢኖር እንኳ በኩባንያው መዝገብ ባለቤቱ ያ ሰው ነው። ስለዚህ የስደተኛ መታወቂያ ያገኘ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ወደ ኩባንያው ቢሮ ሄዶ ቁጥሩ ወደ ራሱ ስም እንዲዛወር ወይም በራሱ ስም አዲስ እንዲወጣለት መጠየቅ ቢሆን ጥሩ ነው። ሰውየው በሰላም እያለ፣ አብሮ ሄዶ መፈረም በሚችልበት ጊዜ!

አራት አሃዝ ስንት ቁጥር ነው?

የሒሳብ መምህራን ይህን ለክፍል ሊወስዱት ይችላሉ። ከ0000 እስከ 9999 ድረስ 10,000 የተለያየ ቁጥር አለ። ሌባው በግምት ልክ የማግኘት ዕድሉ ከ10,000 አንድ ነው፤ ከጥቂት ስህተት በኋላም ብዙ አገልግሎቶች ይቆልፋሉ። ጥሩ ይመስላል፣ አይደል? ግን ብዙ ሰው የሚመርጠው የተወለደበትን ዓመት ነው። ዕድሜው ከ20 እስከ 40 የሚገመት ሰው የትውልድ ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር 21 አማራጭ ብቻ ነው ያለው። «እኔ በሐበሻ አቆጣጠር ነው ያደረግሁት፣ ሶማሌው አያውቀውም» የሚሉ አሉ። ልዩነቱ 7 ወይም 8 ዓመት ስለሆነ ቁጥሮቹ ይደራረባሉ፤ ሁለቱ ተደምረው 30 አይሞሉም። 10,000 የነበረው 30 ሳይሞላ ቀረ ማለት ነው። 1234፣ 0000 እና የስልክ ቁጥራችን የመጨረሻ አራት አሃዞችማ ጭራሽ ግምት አያስፈልጋቸውም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ቁጥሩን በገዛ እጃችን መስጠታችን ነው። መልእክቱ የሚመጣው በሶማሊኛ ወይም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ እናቶች ስልካቸውን ለባለሱቁ ወይም ለጎረቤት ልጅ ሰጥተው «እስቲ ክፈልልኝ» ይላሉ፤ የሚስጥር ቁጥሩንም ጮክ ብለው ይነግራሉ። ሱቅ ውስጥ የቆመው ሁሉ ይሰማል። መፍትሔው ቋንቋውን እስኪለምዱ መጠበቅ አይደለም። ከኮዱ በኋላ የሚመጡት ቃላት እኮ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ተማሪዎች ለእናቶቻቸው በአማርኛ ጽፈው ቢሰጧቸው በሁለት ቀን ይለመዳል። ሌላ ሰው ቢያግዝ እንኳ የሚስጥር ቁጥሩ የሚጻፍበት ቦታ ላይ ሲደርስ ስልኩን ተቀብሎ በራስ እጅ መጻፍ ነው። በተጨማሪም ኮዱን ከነሚስጥር ቁጥሩ በአንድ መስመር ጽፎ መደወል ጥሩ አይደለም፤ በአንዳንድ ቀፎዎች የጥሪ ዝርዝር ውስጥ እንዳለ ይቀራል።

«ወንድሜ፣ በስህተት ኮድ ተልኮብሃል»

ወደ ዋትስአፕ እንምጣ። ዋትስአፕም ልክ እንደ ዛድ የሚያውቀን በስልክ ቁጥራችን ነው። አዲስ ቀፎ ላይ ሲከፈት ወደ ቁጥሩ ባለ 6 አሃዝ ኮድ በሜሴጅ ይልካል። ኮዱን ያስገባ ሰው ዋትስአፑን ይረከባል፤ የቀድሞው ቀፎ ላይ ያለው ወዲያው ይዘጋል።

አታላዩ የሚሠራው እንዲህ ነው። የእኛን ቁጥር ራሱ ቀፎ ላይ ያስገባል። ኮዱ ወደ እኛ ይመጣል። ከዚያ፣ ቀድሞ በሰረቀው የጓደኛችን ዋትስአፕ ተጠቅሞ «ወንድሜ፣ በስህተት አንድ ኮድ ወዳንተ ተልኮብኛል፤ እባክህ ቶሎ ላክልኝ፣ ቸኩያለሁ» ይለናል። የጓደኛችን ፎቶ፣ የጓደኛችን ስም ነው። ምን ያጠራጥራል? እንልካለን። ከዚያ በኋላ ተራው የኛ ዘመዶች ነው። ለስዊድኗ እህት፣ ለአሜሪካው አጎት «ታምሜ ሆስፒታል ገብቻለሁ፣ 200 ዶላር በዚህ ቁጥር ላኩልኝ» የሚል ይደርሳቸዋል። የሚሰጠው የዛድ ቁጥር የእኛ አይደለም፤ እነሱ ግን ቁጥሩን በቃላቸው አያውቁትም። ገንዘቡ ከሄደ በኋላ መመለስ አስቸጋሪ ነው፤ በዘመድ መካከል የሚቀረው ቅሬታ ደግሞ ከገንዘቡ ይብሳል።

ወደ እኛ ስልክ የመጣ ኮድ የእኛ ብቻ ነው፤ በስህተት መጣ ቢባልም ለማንም አይሰጥም። ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ሲመጣም በዋትስአፕ ሳይሆን በተራው መስመር ደውሎ ድምፅ መስማት ነው። በሁለት ደቂቃ የሚሠራ ሌላ መከላከያም አለ። ዋትስአፕ ውስጥ ሴቲንግስ፣ ከዚያ አካውንት፣ ከዚያ ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚለውን ከፍቶ የራስን ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ማስገባት ነው። ይህ ከተደረገ ሌባው የሜሴጁን ኮድ ቢያገኝ እንኳ ሁለተኛው በር ተዘግቶ ይጠብቀዋል። ሊንክድ ዲቫይስስ የሚለውንም አልፎ አልፎ ማየት ይጠቅማል፤ የማናውቀው ኮምፒውተር እዚያ ካለ መልእክታችንን ሌላ ሰው እያነበበ ነው።

ዋትስአፑ አስቀድሞ ከተወሰደ ደግሞ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። ሲሙ እጃችን ላይ እስካለ ድረስ እንደገና ቁጥራችንን አስገብተን አዲስ ኮድ ማስላክ እንችላለን፤ ያን ጊዜ ሌባው ይወጣል። እሱ ቀድሞ ሁለተኛውን ቁጥር አስገብቶ ከሆነ 7 ቀን መጠበቅ ግድ ይላል፤ ቢሆንም እሱም በነዚያ ቀናት ሊጠቀምበት አይችልም። ዘመድ አዝማድን ማስጠንቀቅ ግን ለ7 ቀን አይቆይም፣ በዚያው ሰዓት ነው።

«ይህን ቁጥር ደውልና ካርድ ይሞላልሃል» የሚሉም አሉ። *21* ብሎ ጀምሮ የሌላ ሰው ስልክ ቁጥር ካለበት ጥሪያችንን ወደዚያ ሰው ማዛወሪያ ነው፤ የዋትስአፕ ኮድ ደግሞ በድምፅ ጥሪም ይመጣል። የተጠራጠረ ሰው ##002# ቢደውል የተዛወረው ሁሉ ይሰረዛል።

የውሸት ሜሴጅና የውሸት ጉዳይ አስፈጻሚ

«20 ዶላር ተልኮልዎታል» የሚል ሜሴጅ ይመጣል፤ ቀጥሎ ስልክ ይደወላል፣ «በስህተት ነው፣ አላህ ይስጥልኝ መልስልኝ» ይባላል። ሜሴጅ ማንም ሊጽፈው ይችላል። ከመመለሳችን በፊት ቀሪ ሒሳባችንን ራሳችን በኮዱ እናያለን። ካልጨመረ አልተላከም።

ሌላው የሪሴትልመንት ወሬ ነው። ፎርም እናስሞላለን፣ ስምዎ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ 100 ዶላር ይላኩ የሚሉ የፌስቡክና የቴሌግራም ገጾች የድርጅቶችን አርማ ለጥፈው ይወጣሉ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን አገልግሎት በሙሉ ነፃ ነው። ምዝገባውም፣ ቃለ መጠይቁም፣ ሪሴትልመንቱም ገንዘብ አይጠየቅበትም። አርማ እንደሆነ ከኢንተርኔት አውርዶ መለጠፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የጉዳይ ቁጥራችንንና የመታወቂያችንን ፎቶ ለእንዲህ ያለ ሰው መላክ ከገንዘቡ የበለጠ ሊጎዳን ይችላል፤ በስማችን ሌላ ነገር ይሠራበታልና።

ስልኩ ከጠፋ

ሌባ ቀፎው ቢቆለፍበትም ሲሙን አውጥቶ ሌላ ቀፎ ላይ ይከተዋል። ያን ጊዜ የዋትስአፕ ኮድ የሚመጣው ለእሱ ነው። ይህን የሚከለክለው የሲም መቆለፊያ ቁጥር ነው፤ ከዛድ ሚስጥር ቁጥርም ከቀፎው መክፈቻም የተለየ ነው። በስልኩ የደኅንነት ሴቲንግ ውስጥ ይገኛል። ከማብራታችን በፊት ግን የሲሙን የመጀመሪያ ቁጥር ከካርዱ ላስቲክ ላይ ማንበብ ወይም ኩባንያውን መጠየቅ ያስፈልጋል። 3 ጊዜ ከተሳሳትን ፑክ የሚባል ቁጥር ይጠይቃል፤ ፑኩን 10 ጊዜ ከተሳሳትን ሲሙ ይሞታል። ስለዚህ በግምት አይሞከርም።

*#06# ስንደውል የሚመጣው ባለ 15 አሃዝ ቁጥር የቀፎው መለያ ነው። ከመጥፋቱ በፊት ደብተር ላይ ጽፎ፣ የተገዛበትን ደረሰኝ አብሮ ማስቀመጥ ነው። ስልኩ የጠፋ ዕለት መጀመሪያ የሚደወለው ለኩባንያው ነው፤ ቁጥሩ እንዲታገድና ምትክ ሲም እንዲወጣ። ፖሊስ ጣቢያ ከዚያ ቀጥሎ ይደርሳል፤ የደብተሩ ቁጥርና ደረሰኙ የሚያስፈልጉት እዚያ ነው።