ከግራሶው ያልወጣ ጠመንጃ

ባለፈው ጥር፥ ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት ዕረፍት በተዘጋ ጊዜ፥ አጎቴን ልጠይቅ ዋጃ ሄጄ ነበር። ዋጃን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፥ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፥ በራያ ሜዳ መካከል የምትገኝ የማሽላ አገር ናት። በዚያ ወራት ማሽላው ታጭዶ፥ አገዳው ተከምሮ፥ ሜዳው ወደ ዞብል ተራራ አቅጣጫ ባዶውን ተዘርግቶ ይታያል።

እራት ከበላን በኋላ አጎቴ ከአልጋቸው ሥር በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ስበው አወጡና ፊቴ ፈቱት። ቤቱ ወዲያው በግራሶ ሽታ ተሞላ። ከውስጡ የወጣው ጠመንጃ ነው። አጎቴ የቀበሌ ሚሊሻ በመሆናቸው የተሰጣቸው ሲሆን፥ ቁጥሩም በስማቸው ተመዝግቧል። «ሲሞኖቭ ነው፤ አንድ ጥይት እንኳ አልተተኮሰበትም» አሉኝ። በማግሥቱ ዒላማ ልንሞክርበት ተስማማንና በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ እየተጋገዝን ወለወልነው። ብረቱ አበራ፤ እንጨቱ አማረ፤ እኛም በቃ አልን።

ማለዳ ከመንደሩ ርቆ ወደሚገኝ ደረቅ ወንዝ ወረድን። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸው አሮጌ ቆርቆሮ ከገደሉ ሥር አስቀምጦ ወደ እኛ በመመለስ ላይ ሳለ፥ አጎቴ አሥሩን ጥይት አጉርሰው መዝጊያውን ለቀቁት። ጣታቸው ምላጩን አልነካም፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ጠመንጃው ግን ጮኸ። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ጮኸና ቆመ። ጥይቶቹ ከልጁ እግር ጥቂት እርምጃ ሲቀራቸው አሸዋውን አቦነኑት። ልጁን ያተረፈው አጎቴ ከአባታቸው የወረሱት አንድ ልማድ ነው፤ ጠመንጃ ሲያጎርሱ አፈሙዙን ወደ ምድር ይደፋሉ።

ልጁ ሳቀ። አጎቴ ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በመጨረሻ «መምህር አይደለህም እንዴ? እስቲ ምን እንደ ሆነ ንገረኝ» አሉኝ።

አንባቢ ሆይ፥ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝና መልሱን ማወቅ የነበረብኝ ጥይቱ ከመጉረሱ በፊት ነበር። እኔም ውጭውን ብቻ ከወለወሉት ሁለት ሰዎች አንዱ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1928 ዓ.ም. ከዚህ ሜዳ በስተሰሜን ማይጨው ላይ ሠራዊታችን ሲዋጋ፥ ወታደሩ ይዞት የነበረው ጠመንጃ አብዛኛው ከእያንዳንዱ ጥይት በኋላ በእጅ የሚከፈትና በእጅ የሚዘጋ ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጦር ጆን ጋራንድ የፈለሰፈውን ኤም ዋን የተባለ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ለሠራዊቱ መረጠ፤ ቃኘው ሻለቃችንም በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ሲደርስ የታጠቀው ይህንኑ ነበር። የሶቪየቱ ሰርጌይ ሲሞኖቭ ደግሞ የራሱን ጠመንጃ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1945 ሠራ። በሁለቱም ላይ መዝጊያውን የሚከፍተው እጅ ሳይሆን የባሩዱ ጋዝ ነው። ጋዙ እርሳሱን ወደ ፊት ሲገፋ፥ ጥቂቱ በአንዲት ቀዳዳ ሾልኮ ፒስቶን ይመታል፤ ፒስቶኑ መዝጊያውን ወደ ኋላ ይወረውረዋል፤ መዝጊያው ባዶውን ቀለህ ጎትቶ ይጥላል፤ ሞላው መልሶ ሲገፋውም አዲስ ጥይት ይዞ ይገባል። የሰው ሥራ ምላጭ መሳብ ብቻ ነው፤ አንድ ስበት፥ አንድ ጥይት።

ታዲያ ምላጩ ሳይሳብ እንዴት ተኮሰ? በመዝጊያው ሆድ ውስጥ ጥይቱን የሚወጋ ቀጭን መርፌ አለ። በመጀመሪያዎቹ ሲሞኖቮች ላይ ይህን መርፌ ወደ ኋላ የሚመልስ ትንሽ ሞላ ነበረበት፤ ኋላ ግን ሞላው ቀርቶ መርፌው ልቅ ሆነ። ልቅ መሆኑ፥ ቤቱ ንጹሕ እስከ ሆነ ድረስ፥ ችግር የለውም። መጋዘን ውስጥ ለዓመታት የሚቀመጥ ጠመንጃ ግን እንዳይዝግ በግራሶ ይለቀለቃል፤ ግራሶውም በቆይታ ብዛት እንደ ሙጫ ይጠነክራል። መርፌው ወደ ፊት እንደ ወጣ ተጣብቆ ከቀረ፥ መዝጊያው በተዘጋ ቁጥር ጥይቱን ይወጋዋል። ያን ጊዜ ምላጩን የሚቆልፈው ማገጃም አያድንዎትም፤ እርሱ የሚይዘው ምላጩን እንጂ መርፌውን አይደለምና።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ጠመንጃ በእጅዎ ቢገባ፥ ከሁሉ አስቀድመው ባዶ መሆኑን በዓይንዎም በጣትዎም ያረጋግጡ። ጥይቱ በሌላ ክፍል ይቀመጥ። ቀጥሎም መዝጊያውን ፈትተው መርፌውን ከሆዱ ያውጡ። የማያውቁት እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ያስፈቱ፤ ሲመለስ እንዳይዘቀዘቅ አወጣጡን በስልክዎ ፎቶግራፍ ማንሳት ያዋጣል። መዝጊያውንም መርፌውንም በናፍጣ ወይም በላምባ ይንከሩ፤ ይህም ከቤት ውጭ፥ ከምድጃና ከሲጋራ ርቆ ይሁን። እኛ አንድ ሌሊት አሳደርነው። ጠዋት ከቀዳዳው የወጣው ነገር የከረመ የማር ሰፈፍ ይመስል ነበር። በቀጭን እንጨት ላይ ጨርቅ ጠምጥመን ቀዳዳውን ደጋግመን ጠረግን። መርፌው ከተመለሰ በኋላ መዝጊያውን በጆሮዎ አጠገብ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዙት፤ መርፌው ቀጭ፥ ቀጭ እያለ በነፃ ሲመላለስ ሊሰሙት ይገባል። ካልሰሙት ገና ነው፤ እንደገና ይንከሩት።

የቀረው ይቀላል። የጋዙ ቱቦና ፒስቶኑ ተጠርገው ደረቅ ይሁኑ። ከአፈሙዙ እስከ ጥይቱ ማደሪያ ድረስ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይወልወል፤ ግራሶ በሞላበት ቱቦ መተኮስ ብረቱን ያለ ልክ ያስጨንቀዋል። እንጨቱን ለማፍሰስ የራያ ፀሐይ በቂ ነው፤ በጨርቅ ጠቅልለው ቢያሰጡት ግራሶው ራሱ ያልበዋል። ዘይት ሲቀቡ ግን እጅዎን ይሰብስቡ። ቆላው አቧራ ነው፤ ዘይት የበዛበት ጠመንጃ አቧራውን ለቅሞ ጭቃ ያደርገዋል።

አጎቴ ይህን ሁሉ ሲያዩ «ሁለት ቀን ሙሉ ለአንድ ጠመንጃ!» እያሉ ቢያጉረመርሙም፥ መርፌውን በጆሯቸው ሳይሰሙ ለመሄድ አልፈለጉም።

ሌላው ጉዳይ ቦታ ነው። የሲሞኖቭ እርሳስ በሰከንድ ወደ 735 ሜትር ይፈተለካል፤ ካላገዱትም ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። ራያ ደግሞ ሜዳ ነው። በመስከረምና በጥቅምት ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ስለሚሆን ከአገዳው ማዶ ማን እንዳለ አይታይም። ስለዚህ ከዒላማው ጀርባ ከፍ ያለ የአፈር ገደል ግድ ነው፤ ቋጥኝ ግን አይሆንም፥ እርሳስ ያነጥራልና። ለቀበሌውና ለጎረቤትም አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። አገሩ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነት አይቷል፤ እናቶች ተኩስ ሲሰሙ ልጆቻቸውን ይቆጥራሉ። ስለ ፈቃዱ ብዙ አልናገርም፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን ስለሚከለክል፥ ወረቀት የሌለው ሰው ከዚህ ጽሑፍ የሚያገኘው ጥቅም የለም።

በሦስተኛው ቀን ወደዚያው ወንዝ ተመለስን። ልጁ ከኋላችን ተቀምጦ ጆሮውን በጥጥ ወተፈ። አጎቴ አንድ ጥይት ብቻ አጎረሱ። አፈሙዙን ወደ ገደሉ አድርገው መዝጊያውን ሲለቁት ሦስታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ዝም አለ። ምላጩን ሲስቡት ብቻ ተኮሰ። ቀጥሎ ሁለት አጎረሱ፤ ይህም የሚሆነው ከመጀመሪያው ጥይት በኋላ ሁለተኛው በራሱ ፈቃድ እንዳይከተል ለማየት ነው። አልተከተለም። አሥሩን ያጎረሱት ከዚያ በኋላ ነው።

ጥይቱ ሁሉ ከቆርቆሮው በስተቀኝ አረፈ። አጎቴ የፊተኛውን ማነጣጠሪያ ወደ ግራ ሊገፉት ሲሉ ያዝኳቸው። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ የፊተኛው ማነጣጠሪያ እርሳሱን ይከተላል። ጥይቱ ወደ ቀኝ ከሄደ እርሱም ወደ ቀኝ፥ ጥይቱ ከፍ ካለ እርሱም ከፍ ይላል። ለተማሪዎቼ ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ባስረዳ ግማሾቹ አያምኑኝም፤ አጎቴም አላመኑኝም፤ ያመኑት አምስተኛው ጥይት ቆርቆሮውን ሲያንከባልለው ነው። በኋለኛው ማነጣጠሪያ ላይ የበር መቃን የመሰለች የሩስያ ፊደል አለች፤ እርሷ ለ300 ሜትር የተቀመጠች ናትና በቅርብ ርቀት ሲለማመዱ ቁጥር 1 ላይ፥ ማለት 100 ሜትር ላይ፥ ያድርጉት።

ቤት ስንደርስ አጎቴ ናፍጣውን አቀረቡ። አሁንም ከለከልኳቸው። የቆየ ጥይት ሲቀጣጠል በቱቦው ውስጥ ጨው ይተዋል፤ ጨውም እርጥበት እየሳበ ብረቱን በጥቂት ቀን ያዝገዋል። በናፍጣ ውስጥ ጨው እንደማይሟሟ ማንም ተማሪ በብርጭቆ ሊሞክረው ይችላል። የሚያሟሟው ውኃ ነው፤ የፈላ ቢሆን ደግሞ ብረቱን አሙቆ ቶሎ ያደርቀዋል። ዘይቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የአጎቴ ባለቤት ቡና ሊያፈሉ ማንቆርቆሪያውን ጥደው ነበር። «ለጠመንጃ ነው እንዴ የቡና ውኃ የምጥደው?» አሉ፤ ሆኖም ሰጡን። ልጁ ጠመንጃውን ዘቅዝቆ ያዘ፤ አጎቴ አፈሰሱ። የመጀመሪያው ውኃ ከአፈሙዙ ጥቁር ሆኖ ወረደ፤ ሁለተኛው አመድማ ነበር፤ ሦስተኛው ጠራ።